በጅራታም ኮከብ ላይ የተከተልነው ዱካ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ስለ ጅራታም ኮከብ ያዘጋጀችውን ሥራ ለጓደኞቿ ስታቀርብ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማ ነበር። ከስልኳ ያሳተመቻቸውን ፎቶግራፎች ካርቶን ላይ ለጥፋ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ቀይ መስመር አስምራለች። «ትንሿ መንኮራኩር መጀመሪያ እዚህ ነካች» አለች በማስመሪያዋ እየጠቆመች። «ከዚያ ነጥራ ተነሣች። የቆመችው እዚህ ገደል ሥር ነው። መሀል ላይ የነካችበት ቦታ ግን የተገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።»

ከመስኮቱ ጥግ አንዱ እጁን አወጣ። «የቆመችበት ከታወቀ የመሀሉ ምን ያደርግላቸዋል?»

ልጅቷ መልስ ፈልጋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ተነሥቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ የከተማችን የንፋስ መውጫ ነፋስ ነጠላዬን ሊወስድብኝ ሲታገል ቆሜ ቀረሁ። ከግቢው ማዶ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ። እኔ ግን የማየው ሌላ አገር፣ ሌላ ኅዳር ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። መካነ ኢየሱስ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዩኒቨርሲቲ እንደ ጨረስኩ የመጀመሪያ ምድቤ ስማዳ ላይ ወገዳ የደረሰኝ የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋልኝም። ሻንጣዬን እንኳ ሙሉ በሙሉ አልፈታሁም፤ ግማሹ ልብሴ እንደታጠፈ ዓመት ሞላው። የዝውውር ማመልከቻ በየጊዜው አስገባለሁ። ከክፍል ስወጣ ወደ ቤቴ በመሄድ ፈንታ መኪና የሚቆምበት ሜዳ ሄጄ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ አያለሁ። የምጠብቀው ሰው ግን የለኝም። ዛሬ ሳስበው ወገዳ ምንም አልበደለችኝም። ሰዉ ደግ ነው፤ የጓያና የሽምብራ እሸት በደረሰ ጊዜ ተማሪዎቼ ወላጆቻቸው የላኩትን እቅፍ እቅፍ ያመጡልኝ ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬ በዚያ አቧራማ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

የተከራየኋት ክፍል አያ ሞላ ግቢ ውስጥ ነበረች። አያ ሞላ በጉልምስናቸው ከመንገድ ቀያሾች ጋር ሜትር ሲጎትቱና ችካል ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከስማዳ ቆላ እስከ ጋይንት ደጋ ያልረገጡት ሸንተረር የለም። ሚስታቸው ሞተውባቸው ከልጃቸው ከእናኑ ጋር ይኖሩ ነበር። እናኑ ደጃፉ ላይ ጨው፣ ሳሙናና ዘይት የምትቸረችርባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። የአያ ሞላ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙንም ሞራ እየሸፈነው ነበር። «እንደ ጉም ነው» ይሉ ነበር። «ጠዋት ጠዋት ገለጥ ይላል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይመለስብኛል።» እንዲያም ሆኖ ግማሽ ቀን ደጃፋቸው ተቀምጠው በቀረቻቸው ብርሃን አሮጌ ካርታቸውን ያገላብጣሉ። ሁለታችንን ያገናኘን ያ ካርታና የእኔ ትንሽ ሬዲዮ ነው። እኔ ዜና እከፍታለሁ፤ እርሳቸው የተነሣውን አገር ሁሉ «የት ላይ ነው? ወንዙ በየት በኩል ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ማታ፣ እናኑ ያቀረበችልንን የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ ያ ዜና መጣ። አውሮጳውያን ከአሥር ዓመት በፊት ያመጠቋት መንኮራኩር ከአንድ ጅራታም ኮከብ ደርሳ፣ የፍሪጅ ያህል መጠን ያላትን ትንሽ መንኮራኩር በላዩ አሳረፈች ተባለ።

«አንቺ ልጅ፣ ጅራታም ኮከብ ላይ ወጡ ነው የሚለው?» አሉ አያ ሞላ።

«ሰው የለባትም አያ። እናቲቱ ዙሪያውን እየበረረች ልጅቱን አወረደቻት ነው የሚለው።»

የያዙትን ቆሎ መልሰው አኖሩት። «እኛ ልጆች ሳለን፣ ጅራታም ኮከብ ሲወጣ ንጉሥ ይሞታል ይሉን ነበር። እነዚህ ደግሞ ችካል ሊተክሉበት ሄዱ።»

በማግስቱ ዜናው ተለወጠ። ልጅቱ ስታርፍ መሬቱን ወግተው ይይዙላታል የተባሉት ጦሮች ሳይወረወሩ ቀርተው፣ እንደ ጨርቅ ኳስ ነጥራ ተነሥታለች። የኮከቡ ስበት ከመድከሙ የተነሣ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ስትንሳፈፍ ቆይታ፣ አንድ ቦታ ነክታ፣ እንደገና ተነሥታ፣ በመጨረሻ ፀሐይ የማይደርስበት ጥላ ውስጥ ወድቃለች። የት እንደሆነ አይታወቅም። ባትሪዋ ከሁለት ቀን ተኩል በላይ አይቆይም። ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮው «ድምፅዋ ጠፋ» አለ።

አያ ሞላ እንደዚያ ሲበሳጩ አይቼ አላውቅም። «የወደቀችበትን ካላወቁ ምኑን አረፈች ይላሉ?» አሉኝ። ቀጥሎም፣ «ፎቶ አንሥተዋል?»

«እናቲቱ ከላይ ስታነሣ ነበር ይላሉ።»

«ፎቶ ካለ ይገኛል። እኛ በአየር ፎቶግራፍ ስንት ገደል ለይተናል። ጥላ አይዋሽም።»

ይህችን ቃል ከሰማሁ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። በስልኬ ልከፍት ብሞክር ኔትወርኩ ጽሑፉን አምጥቶ ሥዕሉን ይተወዋል። በቀጣዩ ሳምንት መጨረሻ እህል በጫነ የጭነት መኪና ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ንፋስ መውጫ ወጣሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከቆላው ሙቀት ወደ ጋይንት ብርድ ስንወጣ ጣቶቼ ደርቀው ነበር፤ የታጨደው ገብስ በየማሳው ተከምሮ፣ ጠዋት የወረደው ውርጭ ጥላ ጥላው ላይ አልቀለጠም። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ አንዱ ፎቶግራፍ እስኪከፈት አንድ ሻይ ይጠጣል። ቢሆንም አገኘኋቸው። የኮከቡን ሙሉ መልክ፣ ልጅቱ ከመንካቷ በፊትና ከነካች በኋላ እንደ ነጭ ነጥብ የምትታይባቸውን፣ ሰዓታቸው ከጎናቸው የተጻፈባቸውን ሥዕሎች አሳትሜ ስምንት ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። ከገጹ ግርጌ ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው ሰው የሚጽፍበት አድራሻ ነበር፤ እሱንም መዳፌ ላይ ጻፍኩት። መንገዱን ሁሉ ያንን አድራሻ ነበር የማስበው። ቦታውን እኛ ብናገኘውስ? ወገዳ የተቀመጠች አንዲት መምህርት አገኘችው ቢባልስ? አንዱ በር በዚያ ይከፈትልኝ እንደሆነ ማን ያውቃል እያልኩ ጆንያው ላይ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ።

አያ ሞላ ወረቀቶቹን በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ሳቃቸው መጣ። «ይኸ ቅል ነው» አሉ። እውነትም ኮከቡ አንገቱ የተሰበረ ቅል ይመስላል፤ ትልቅ ሆድ፣ ትንሽ ራስ፣ በመሀል የጠበበ አንገት። ልጅቱ የወረደችው ራሱ ላይ ነው።

ሥራ ጀመርን። እኔ ወረቀቱን በእርሳስ በካሬ ከፋፈልኩት። እርሳቸው ዓይናቸው ገለጥ በሚልባቸው የጠዋት ሰዓቶች ነጥቧን ከጥላዋ እያገናኙ፣ «እዚህ ዝቅ ብላለች፤ ጥላዋ ቀርቧል። እዚህ ርቋል፤ ከፍ ብላለች» እያሉ ይነግሩኛል። እኔ ከክፍል ስመለስ በሰዓቱና በርቀቱ ፍጥነቷን አሰላለሁ። ከመጀመሪያው ዱካ ወደ ምሥራቅ እንደ ሄደች ግልጽ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ትልቅ ጎድጓዳ፣ ዙሪያው ገደል ነው። የትኛው ከንፈሩ ላይ እንደነካች፣ ወደ ውስጥ ትግባ ወይ ተሻግራ ትለፍ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ሌሊት ይነጋል ብዬ አላምንም ነበር። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ። የነቢያት ጾም ገብቶ እናኑ የምታቀርብልኝ ተልባ ፍትፍት እጅ ሳይነካው ይውላል። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ «ቲቸር ምን ሆነሻል?» ይሉኝ ነበር።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ጥሩወርቅ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም አትበልጥም፤ ከቤት ቤት ስትዞር የምትውል፣ ፀጥ ያለች ልጅ።

«ቤታችሁ ሄጄ ሰው አጣሁ» አለችኝ። «እናኑ የት ሄደች?»

«አጎቷ ዘንድ ለአጨዳ ወርዳለች። አርብ ትመለሳለች። አያ ሞላም ቤተ ክርስቲያን ናቸው።»

«እንግዲያ ላንቺ ልንገርሽ። የዓይን ሐኪሞች ንፋስ መውጫ ይመጣሉ። ሞራ ያለባቸውን በነፃ ይሠራሉ። አያ ሞላ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ጤና ኬላ መጥተው ይመዝገቡ፤ አርብ ማለዳ መኪና ይወስዳቸዋል። እኔ አሁን ወደ ታችኛው ጎጥ እወርዳለሁ፤ የሚመዘግበው ሌላ ሰው ነው። የምመለሰው አርብ ነው። አደራ።»

«እሺ» አልኳት።

አደራ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አማራ አይነገረውም። እኔም አውቅ ነበር። ቤት ስደርስ ግን አያ ሞላ ደጃፍ ላይ ሆነው፣ «ነይ እስቲ፣ ከጎድጓዳው ወዲህ ያለው ጥላ ሌላ ነው» አሉኝ፤ ሳላስበው ወረቀቱ ላይ አጎነበስኩ። ማታ ልነግራቸው አሰብኩ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ከተሠሩ ዓይናቸው ይታሸጋል፤ ለሳምንት አጉሊ መነጽር አይነኩም። ሌሎች ሰዎች ደግሞ በዓለም ሁሉ እየፈለጉ ነው። እስከ ሐሙስ ጊዜ አለ፤ ሐሙስ ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ። ረቡዕም እንዲሁ አለፈ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍል አልነበረኝም። ልነግራቸው ወጣሁ፤ እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። እርሳቸው ቀደሙኝ። «አንድ ነጭ ነጥብ አገኘሁ» አሉ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት። «ከጎድጓዳው ማዶ፣ ገደሉ ሥር። ከዚህ በፊት በነበረው ፎቶ የለችም።» ተቀመጥኩ። ቆጠርን፣ ለካን፣ ደግመን ለካን። እኔ ስሌቱን ስጨርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ። ሮጬ ብሄድ መዝጋቢውን ልለምነው እችል ነበር ይሆናል። አልሄድኩም። ነገ ማለዳ መኪናው ጋ ወስጄያቸው እንለምናለን፣ ሽማግሌ አይመልሱም አልኩ።

አርብ ማለዳ ቀድሜ ላስቆመው መኪናው ወደሚቆምበት ሜዳ ስሮጥ የቀረው አቧራው ብቻ ነው። ሰዉ ሳይነጋ ተሰብስቦ ስለነበር ቀደም ብሎ ተነሥቷል።

ተመልሼ ለአያ ሞላ ነገርኳቸው። «መቼ ነገረችሽ?» አሉኝ።

«አሁን» አልኩ። «ጥሩወርቅ አሁን መንገድ ላይ ነገረችኝ።»

ያቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ ምን ያህል ቀላል እንደነበረች አስታውሳለሁ። ምንም አልከበደችኝም።

እናኑ ከቀትር በኋላ ተመለሰች። ቅዳሜ ማለዳ ሦስታችንም በጭነት መኪና ተነሣን፤ አያ ሞላን ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥናቸው። ንፋስ መውጫ ስንደርስ ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን በካርቶን እያሸጉ ነበር። ዓይናቸው በነጭ ፋሻ የታሸገ ሰዎች በግድግዳው ሥር በመስመር ተቀምጠዋል። አንዲት ሐኪም አዝናልን ኮሪደር ላይ በትንሽ መብራት አየቻቸው። «ቀኙ ይሠራ ነበር» አለች። «ግራውም ቢሆን ምናልባት። ግን ዕቃው ሁሉ ታሽጓል፤ ማታ ሌላ ቦታ እንጠበቃለን። ሌላ ጊዜ ስንመጣ ቶሎ ያምጧቸው፤ ብዙ መቆየት የለባቸውም።»

«መቼ ትመጣላችሁ?» አለች እናኑ።

«እሱን አላውቅም፤ እውነቱን ልንገርሽ» አለቻት ሐኪሟ።

ከተመለስን በኋላ እናኑ እሑድ ሱቋን ሳትከፍት ዋለች። ሰኞ ጠዋት ጤና ኬላው ደጃፍ፣ ልጅ ሊያስከትቡ የተሰበሰቡ ሴቶች ፊት ጥሩወርቅን ቆማ ሰደበቻት። «የአባቴን ዓይን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። ለሌላው ሁሉ ቀድመሽ ነግረሽ ለኛ መኪናው ከሄደ በኋላ» አለቻት። እኔ እናኑን ላረጋጋ ተከትያት ሄጄ ነበር። ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ እንድናገር ጠበቀችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ትንሽ ቆይታ ፊቷን ወደ ክትባቱ ሣጥን መለሰች። በኋላም ከአለቆቿ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደ ተጻፈባት ሰማሁ።

ዱካውን በዚያው ሳምንት ጨረስነው። አያ ሞላ ያገኙት ነጥብ ላይ መስቀል አደረግሁ፤ ስሌቱን በእንግሊዝኛ ጽፌ ከንፋስ መውጫ ወደዚያ አድራሻ ላክሁት። በማግስቱ አመሰግናለሁ የሚል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ መልስ መጣልኝ። ሌላ ምንም አልመጣም። ክረምት ላይ ዝውውሬ ተፈቅዶ ንፋስ መውጫ ገባሁ። ሻንጣዬን ስጭን አያ ሞላ ከደጃፋቸው ሆነው በጎ መንገድ ተመኙልኝ፤ የተመኙልኝ ግን እኔ ከቆምኩበት በስተግራ ወዳለው አጥር ፊታቸውን አዙረው ነው። ቀኙ ዓይን ያን ያህል ሄዶ ነበር። ሐኪሞቹ ከዓመት በኋላ እንደገና መጡ፤ እናኑ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ነበረች። ነገር ግን ቀኙ ዓይን በመሀል የውስጡ ግፊት ጨምሮበት ሲያማቸው ከርሞ ነርቩ ሞቷል ተባለ። ግራውን ሠሩት፤ ብርሃንና የሰው ጥላ ከመለየት አላለፈም።

አሮጌው ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ድምፅዋ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ልጅቱ ተገኘች። እናቲቱ ዝቅ ብላ ስትበር አንሥታታለች። ገደል ሥር ስንጥቅ ውስጥ በጎኗ ተጋድማ፣ አንድ እግሯን ወደ ሰማይ አንሥታ በስልኬ ላይ አየኋት። የእኛን ወረቀት አውጥቼ አስተያየሁ። ከጎድጓዳው የተሳሳተው ከንፈር ላይ ነበርን። ነጭ ነጥባችን ድንጋይ ይሁን የወረቀቱ ቆሻሻ፣ ልጅቱ ግን አልነበረችም።

ለሁለት ቀን ቤት ውስጥ ተቀምጬ መዋል አቃተኝ። ከአዲስ ዓመት በኋላ ወገዳ ወረድኩ። መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ ሦስት ቦታ ወርደን መኪናውን ገፋን። የባቄላው አበባ ሽታ በየማሳው ይከተለናል። አያ ሞላ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«አገኟት» አልኳቸው።

«የት?»

ልነግራቸው ጀመርኩና ተውኩት። ከእሷ በፊት የምናገረው አለኝ አልኩ። የማክሰኞውን፣ የረቡዑን፣ የሐሙሱን ሁሉ ነገርኳቸው። እናኑ ሱቋ ውስጥ ጨው ስትመዝን ነበር፤ እጇ ቆመ።

አያ ሞላ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ፣ «ሐሙስ ነጭ ነጥብ አገኘሁ ስልሽ፣ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

«አየሽ፣ ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ እሷን ጨርሰን እንሂድ እልሽ ነበር ይሆናል። እኔም እንዳንቺው ይዞኝ ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አልጠየቅሽኝም።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። «የኔን ኋላ» አሉ። «መጀመሪያ ያቺ የጤና ኬላዋ ልጅ ዘንድ ሂጂ። ብቻሽን አይደለም፤ እናኑን ይዘሽ፣ ሰው ባለበት። ስለ ኮከቡ ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ።»

ጥሩወርቅ ጤና ኬላው ደጃፍ እናቶች መሀል ነበረች። የምናገረውን ሁሉ ስናገር ከመዝገቧ ቀና አላለችም። ስጨርስ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጉልበቷን ያዝን፤ ጥሩወርቅ እናኑን አነሣቻት። እኔን ግን አላነሣችኝም።

«ለምን ያኔ አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ማን ያምነኝ ነበር? አንቺ መምህርት ነሽ።» መዝገቡን ዘጋች። «ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ስገባ ሴቶቹ ወሬ ያቆሙ ነበር። ያንን ለማን ትነግሪልኛለሽ?»

በማግስቱ ለአለቆቿ በእጄ ጽፌ ፈርሜ ሰጠሁ። ደብዳቤዋ ከማኅደሯ ወጣ ተባለ።

ያን ቀን ከጥሩወርቅ ዘንድ ስመለስ አያ ሞላ እዚያው ነበሩ። ከግቢው ጭቃ ወስጄ ቅል የመሰለ ነገር ሠራሁ፤ ራሱ ላይ ጎድጓዳውን በአውራ ጣቴ ቦረቦርኩት፤ ገደሉን በጥፍሬ ሠነጠቅሁ። ከዚያ ጠቋሚ ጣታቸውን ይዤ፣ «መጀመሪያ እዚህ ነካች» አልኳቸው። ጣታቸው ጭቃው ላይ ቆመ፤ ተነሣ፤ በአየር ላይ ቀስ ብሎ ተጓዘ። እንደ ቀያሽ ጣት አይቸኩልም። ስንጥቁ ሲደርስ አቁመው በዙሪያው ዳሰሱ።

«ማዶ ነበር የያዝነው» አሉ።

«አዎ አያ።»

«መሀል ላይ የነካችውስ የት ነው?»

«እሱን ገና አላወቁትም።»

«እንግዲያ ሥራው አላለቀም» አሉና እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። በየዓመቱ ስማዳ እየወረድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ይቀበሉኛል፣ ሬዲዮ እከፍትላቸዋለሁ፣ ስለዚያ ሐሙስ ደግመን አልተነጋገርንም። የመሀሉ ዱካ የተገኘው እርሳቸው ባረፉ በዓመቱ ነው። ዜናውን ሳነብ የምነግረው ሰው አጥቼ ስልኩን እንደያዝኩ ግቢ ውስጥ ዞርኩ።

ባለፈው ሳምንት ከበረንዳው ወደ ክፍሉ ስመለስ ያ ተማሪ አሁንም መልሱን ይጠብቅ ነበር። መሀል ላይ ስትነካ ከአቧራው ሥር ያለውን በረዶ ሠንጥቃው ነበር፤ ከጉድጓዱ ጥልቀት ያ በረዶ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ታወቀ፤ የቆመችበት ቦታ ይህን አይናገርም አልኩት። ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔ ስናገር ግን የማስበው ጥሩወርቅን ነበር። ዛሬም ወገዳ ናት። ስንገናኝ በትሕትና ሰላም ትለኛለች፤ ስለ ልጆቼ ትጠይቃለች፤ እጄን ቀድማ የምትለቀው እሷ ናት። በእናኑ ላይ ቂም የላትም፤ ሁለቱ ክርስትና ተነሣስተዋል። እኔ ይቅር ተብያለሁ ወይ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ጥያቄው ራሱ ሌላ ሸክም ይሆንባታል ብዬ እተወዋለሁ።

እረፍት ማጣቴ አልለቀቀኝም፤ ከወገዳ ስወጣ የሚቀር መስሎኝ ነበር። አቅጣጫውን ብቻ ቀየረ። ትናንት ከመምህራን ጋር ምሳ ቀርቦልን ሳለ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥተው ለአንዲት የሒሳብ መምህርት እናቷ ደውለው እንደነበር ነገ ስትመጣ ንገሪያት አሉኝ። እጄን ከመሶቡ አነሣሁ።

«ነገ ብለዋል እኮ፤ ብይ እንጂ» አሉኝ ባልደረቦቼ።

ቤቷ ከገበያው ማዶ ነው። ነፋሱ አቧራ እያነሣ፣ ጉርሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሄድኩ።